የቲሙ እስኪያድግ ድረስ፦ የቀደሙት ሙስሊሞች አባት የሞተባቸውን ልጆች እንዴት ያሳድጉ ነበር?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



ረመዷን ሲገባ በየሰፈራችን የሚታየውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዘይቱ፣ ዱቄቱ፣ ተምሩ በፌስታል ታስሮ ለየቲም ቤተሰቦች ይታደላል። ዒድ ሲደርስ ለልጆቹ ልብስና ጫማ ይገዛል። አልሐምዱሊላህ፣ ይህ ትልቅ ኸይር ነው፤ አላህ ከሰጪዎቹ ይቀበላቸው። ነገር ግን አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። አባቱ የሞተበት የአምስት ዓመት ልጅ ራሱን እስኪችል ቢያንስ አሥር ዓመት ይቀረዋል። የእኛ ሰደቃ አብዛኛው የሚፈሰው ግን በዓመት በአንድ ወር ውስጥ ነው። የቀሩት 11 ወራት የቤት ኪራይ፣ የደብተር፣ የሕክምና፣ የዕለት እንጀራ የማን ናቸው?

ይህን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ የምንጠይቀው እኛ አይደለንም። ከእኛ በፊት የነበሩት ሙስሊሞች ጠይቀውታል፤ መልስም ሰጥተውበታል። መልሳቸው አንዳንዴ ያማረ፣ አንዳንዴም የተበላሸ ነበር። ሁለቱንም ማወቅ ስለሚጠቅመን ታሪኩን ከመነሻው እንመልከተው።

የቲም ማነው?

በሸሪዓ ቋንቋ የቲም ማለት ለአቅመ አዳም ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ልጅ ነው። እናቱ በሕይወት ብትኖርም ልጁ የቲም ይባላል። ይህ ትርጉም ትልቅ ነገር ያመለክተናል። ስለ የቲም ስናወራ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ አንድ ብቸኛ ሕፃን ሳይሆን ስለ አንዲት እናትና በዙሪያዋ ስላሉ ልጆች ነው። የቲምን መርዳት ማለት ያንን ቤት እንዳይፈርስ መደገፍ ማለት ነው።

ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው የቲም ሆነው አደጉ። አባታቸው ዐብደላህ የሞቱት እሳቸው ሳይወለዱ ነው። ስድስት ዓመት ሲሞላቸው እናታቸው አሚና ከመዲና ወደ መካ ሲመለሱ አብዋእ በሚባል ስፍራ ሞቱ። ከዚያ በረሃ ሕፃኑን ይዛ ወደ መካ ያደረሰችው በረካ ናት፤ ኡሙ አይመን በሚለው ስሟ የምናውቃት ሐበሻዊት ሴት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እስከ መጨረሻው እንደ እናት ያከብሯት ነበር። ከዚያ አያታቸው ዐብዱል ሙጠሊብ ወሰዷቸው፤ ስምንት ዓመት ሲሆናቸው እሳቸውም ሞቱ። ቀጥሎ አጎታቸው አቡ ጧሊብ ብዙ ልጅና ትንሽ ገንዘብ እያላቸው ከልጆቻቸው ጋር አሳደጓቸው።

እንግዲህ ቁርኣን በሱረቱ ዱሓ ነቢዩን የቲም እንደነበሩና አላህ እንዳስጠጋቸው ሲያስታውሳቸው፣ ወዲያው የቲምን እንዳይጨቁኑ ሲያዝ፣ የሚናገረው እሳቸው ስለሚያውቁት ሕይወት ነው። በሱረቱል ማዑንም የቲምን የሚገፋ ሰው ሃይማኖትን ከሚያስተባብል ሰው ጋር ተቆራኝቶ ተነሥቷል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ደግሞ የየቲም አሳዳጊ በጀነት ከእሳቸው ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ሁለት ጣቶቻቸውን በማመልከት እንዳሳዩ ቡኻሪ ዘግበዋል።

የኡሑድ ማግስት

ጉዳዩ የመላው ማኅበረሰብ ጉዳይ የሆነው ከኡሑድ ዘመቻ በኋላ ነው። በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ በኡሑድ 70 ያህል ሙስሊሞች ሸሂድ ሆኑ። ትንሽ ከተማ ለሆነችው መዲና ይህ ከባድ ቁጥር ነበር። በአንድ ቀን ብዙ ሴቶች ባል፣ ብዙ ልጆች አባት አጡ።

ከሸሂዶቹ አንዱ ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ ነበሩ። ባለቤታቸው ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጣችና የልጆቹ አጎት ንብረቱን በሙሉ እንደወሰደባቸው፣ ያለ ንብረት ደግሞ ልጆቹን የሚያገባቸው እንደማይገኝ ነገረቻቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአላህን ፍርድ እንድትጠብቅ ነገሯት። የውርስ አንቀጽ ሲወርድ አጎትየውን አስጠሩትና ለሁለቱ ልጆች ሁለት ሦስተኛውን፣ ለእናታቸው አንድ ስምንተኛውን እንዲሰጥ፣ የተረፈው የእሱ እንዲሆን አዘዙት። ይህን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል።

ልብ በሉ፤ ለእነዚያ ልጆች የተደረገው የመጀመሪያው እርዳታ ምጽዋት አይደለም። የራሳቸው ሐቅ ተመለሰላቸው። የየቲምን ገንዘብ በግፍ መብላት እሳትን በሆድ ውስጥ እንደ መክተት መሆኑን ሱረቱ ኒሳእ ይናገራል። ዛሬም በአገራችን አባት ሲሞት በመሬቱና በቤቱ ላይ ዘመድ ተሻምቶ፣ እናትና ልጆች ሜዳ ላይ ከቀሩ በኋላ ለእነሱ ገንዘብ የምናሰባስብበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት ግን «የአባታቸው ንብረት የት ሄደ?» የሚለው ነው።

የመስጂደ ነበዊ ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። መስጂዱ የተሠራበት ቦታ ተምር የሚደርቅበት ሜዳ ሲሆን የሰህልና የሱሀይል ነበር፤ ሁለት የቲም ወንድማማቾች። ልጆቹ ቦታውን በነጻ እንስጥ አሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን በስጦታ አልቀበልም ብለው በዋጋ ገዙት። መስጂድ ለመሥራት እንኳ ቢሆን የየቲም መሬት በነጻ አልተወሰደም።

ሐበሻ ውስጥ የተወለዱት ልጆች

አሁን ወደ እኛ የሚቀርበውን ታሪክ እንይ። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብና ባለቤታቸው አስማእ ቢንት ዑመይስ ከመካ ግፍ ሸሽተው ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት መካከል ነበሩ። በነጃሺ ጥበቃ ሥር ለዓመታት ኖሩ። ልጆቻቸው ዐብደላህ፣ ሙሐመድና ዐውን የተወለዱት እዚሁ ሐበሻ ምድር ላይ ነው። ቤተሰቡ ወደ መዲና የደረሰው በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ኸይበር በተከፈተበት ወቅት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጃዕፈር መምጣት እጅግ ተደሰቱ።

ደስታው ብዙም አልቆየ። በዓመቱ፣ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ጃዕፈር በሙእታ ዘመቻ ሸሂድ ሆኑ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ወደ አስማእ ቤት ሄዱ። ልጆቹን አስጠርተው አቀፏቸው፤ ዓይናቸውም እንባ አፈሰሰ። ከዚያ ወደ ቤተሰባቸው ተመልሰው ለጃዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራ አዘዙ፤ ሐዘን ስላጋጠማቸው ራሳቸው ማብሰል እንደማይችሉ ገለጹ። ለቅሶ ቤት ምግብ ይዞ የመሄድ ባህላችን ከዚህ ሱና ጋር የሚገጥም ነው።

ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በምግቡ አላበቁም። ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሰው መጡ። ልጆቹን አስጠርተው ፀጉር ቆራጭ እንዲመጣ አዘዙ፤ የተንጨባረረ ፀጉራቸው ተላጨ። ሙሐመድ አቡ ጧሊብን እንደሚመስል፣ ዐብደላህ ደግሞ በመልክም በጠባይም እሳቸውን እንደሚመስል ተናገሩ። የዐብደላህን እጅ ይዘው አላህ ንግዱን እንዲባርክለት ዱዓ አደረጉ። እናታቸው አስማእ ስለ ልጆቹ የቲምነት ስታነሣ፣ በዱንያም በአኼራም የልጆቹ ኃላፊ እሳቸው ሆነው ሳለ ድህነትን ልትፈራላቸው እንደማይገባ ነገሯት። ይህን ኢማም አሕመድ ዘግበውታል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለውን ቅደም ተከተል እናስተውል። በመጀመሪያው ቀን እቅፍና ምግብ መጣ። በሦስተኛው ቀን የልጆቹ ንጽሕናና ክብር ተጠበቀ። ልጁ ማንን እንደሚመስል በሰው ፊት ተነገረለት። ስለ ነገው ደግሞ ስለ ንግድ ዱዓ ተደረገለት። በመጨረሻም እናቲቱ ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው እንዳለ በግልጽ ተነገራት። ልጆቹ ከእናታቸው አልተለዩም፤ ስማቸውም የአባታቸው እንደሆነ ቀረ።

ፍሬው ምን ሆነ? ዐብደላህ ኢብኑ ጃዕፈር አድገው ነጋዴ ሆኑ፤ በመዲና በቸርነታቸው የሚወዳደራቸው የጠፋ እስኪመስል ድረስ ሰጪ ሆኑ። የታሪክ ጸሐፍት «የቸርነት ባሕር» ብለው ይጠሯቸዋል። ሐበሻ ውስጥ ተወልደው አባታቸውን በልጅነት ያጡ ሰው ናቸው።

ታሪኩ በዚህም አያልቅም። አስማእ በኋላ አቡበክርን (ረ.ዐ) አግብታ ሙሐመድ የሚባል ልጅ ወለደች። አቡበክር ሲሞቱ እሱም ሕፃን ነበርና በዐሊይ (ረ.ዐ) ቤት አደገ። እሱም በ38ኛው ዓመተ ሂጅራ ግብጽ ውስጥ ሲገደል ልጁ ቃሲም የቲም ሆነ፤ አክስቱ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ወስዳ አሳደገችው። ኢማም ማሊክ በሙወጧእ እንደዘገቡት ዓኢሻ የቃሲምንና የወንድሙን ገንዘብ ትጠብቅ፣ ዘካውንም ታወጣ ነበር። ቃሲም ኢብኑ ሙሐመድ ከመዲና ሰባቱ ታላላቅ ፉቀሃእ አንዱ ለመሆን በቃ። ዓኢሻ የልጁን ሆድም፣ ገንዘብም፣ አእምሮም አብራ ጠብቃለች ማለት ነው።

የሕፃናት ድርጎና የኸይበር መሬት

ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ዲዋን ሲያቋቁሙ መጀመሪያ ላይ ለሕፃን ድርጎ የሚቆረጠው ጡት ከጣለ በኋላ ነበር። አንድ ሌሊት ሲዞሩ የሚያለቅስ ሕፃን ሰሙ። እናቱን ደጋግመው ሲጠይቁ፣ ድርጎው ቶሎ እንዲቆረጥለት ብላ ያለጊዜው ጡት ልታስጥለው እየሞከረች መሆኑን ነገረቻቸው፤ ማን እንደሆኑ ግን አላወቀችም። ዑመር በዚያች ሌሊት እጅግ አዘኑ። ሲነጋ በእስልምና ለሚወለድ ሕፃን ሁሉ ከተወለደበት ጊዜ ጀምሮ እንዲቆረጥለት አወጁ፤ ለሕፃኑ 100 ድርሃም እንደነበር ኢብኑ ሰዕድ ዘግበዋል።

ይህ ታሪክ ለእርዳታ ሰጪዎች ሁሉ ትልቅ ትምህርት ነው። ዑመር ያወጡት ደንብ በክፉ ሐሳብ የወጣ አልነበረም። ነገር ግን አንዲት ድሃ እናት በደንቡ ምክንያት ልጇን ለመጉዳት ተገደደች። ኸሊፋው እናቲቱን አልወቀሱም፤ ደንቡን ቀየሩ።

ዑመር ስለ የቲም ገንዘብም የተናገሩት አለ። ገንዘቡ ዝም ብሎ ተቀምጦ ዘካ እንዳይጨርሰው ንግድ ላይ እንዲውል ያዝዙ እንደነበር በሙወጧእ ተዘግቧል። የየቲም ሀብት ታጥሮ የሚቀመጥ ሳይሆን ልጁ እስኪያድግ አብሮት እንዲያድግ የሚሠራበት ነው።

ለረጅም ዘመን የየቲሞች መተዳደሪያ የሆነው መላ ግን ከዑመር ሌላ ታሪክ ጋር ይያያዛል። ዑመር በኸይበር ከዚያ በፊት ያላገኙት ዓይነት ምርጥ መሬት ደረሳቸው። ምን ላድርገው ብለው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሲያማክሩ፣ መሬቱን አቁመው ፍሬውን ሰደቃ እንዲያደርጉት መከሯቸው። ስለዚህ መሬቱ እንዳይሸጥ፣ ስጦታ እንዳይሆን፣ እንዳይወረስ ተደርጎ ምርቱ ለድሆች፣ ለዘመድ፣ ለእንግዳና ለመንገደኛ ሆነ። ወቅፍ የምንለው ይህ ነው። ሰደቃ በአንድ ቀን ይበላል፤ ወቅፍ ግን ዋናው ቆሞ ፍሬው በየዓመቱ ይሰጣል። የቲም ደግሞ በየዓመቱ የሚመጣ ነገር ያስፈልገዋል።

እናቶቹ

በመካከሉ አንድ ነገር ሳይነሣ እንዳይቀር። ከታላላቅ ኢማሞቻችን ብዙዎቹ በእናት እጅ ያደጉ የቲሞች ናቸው። ኢማም ሻፊዒይ በ150 ዓመተ ሂጅራ ጋዛ ውስጥ ተወለዱ፤ አባታቸው ሕፃን ሳሉ ሞቱ። እናታቸው የሁለት ዓመት ልጅ ይዛ ወደ መካ ሄደች። ለአስተማሪ የሚከፈል ገንዘብ አልነበራትም። አስተማሪው ግን ልጁ እሱ በማይኖርበት ጊዜ ሌሎቹን እንዲያስጠና ተስማምቶ ያለ ክፍያ ተቀበለው። ወረቀት መግዛት ስላልቻሉ አጥንት ላይ ይጽፉ ነበር። ኢማም አሕመድ ኢብኑ ሐንበልም፣ ኢማም ቡኻሪም አባታቸውን በልጅነት አጥተው በእናቶቻቸው ጥረት ነው ያደጉት።

እነዚህን ስናነብ ብዙ ጊዜ የልጁን ብልህነት እናደንቃለን። ግን እስቲ እናስብ፤ ያ አስተማሪ «ክፍያ ከሌለ አላስተምርም» ቢል ኖሮ? የሻፊዒይ እናት ብቻዋን ምን ልታደርግ ትችል ነበር? እናት ጠንካራ ብትሆንም በር የሚከፍትላት ሰው ያስፈልጋታል።

ደማስቆና ካይሮ

የዚያን አስተማሪ በጎ ፈቃድ ወደ ቋሚ ሥርዓት የቀየሩት በኋላ የመጡት ትውልዶች ናቸው። በ1174 እ.ኤ.አ. የሞቱት ሱልጣን ኑረዲን ዘንጊ በግዛታቸው ለየቲሞች የቁርኣን ትምህርት ቤቶች አቋቁመው ለልጆቹም ለአስተማሪዎቹም መተዳደሪያ ቆርጠዋል። ከአንዳሉስ የመጣው ተጓዥ ኢብኑ ጁበይር በ1184 ደማስቆ ሲደርስ፣ ካስደነቁት ነገሮች አንዱ ሰፊ ወቅፍ ያለው የየቲሞች ትምህርት ቤት ነበር። ከወቅፉ ገቢ አስተማሪው ይኖርበታል፤ ልጆቹም ይመገቡበታል፣ ይለብሱበታል። በ1326 ደማስቆን ያየው ኢብኑ በጡጣ ደግሞ የወቅፎቹን ዓይነት ቆጥሮ እንደማይጨርስ ይጽፋል። ቤተሰቦቻቸው መዳር ለማይችሉ ልጃገረዶች የሠርግ ዕቃ የሚገዛ ወቅፍ ነበረ። የጌታውን የቻይና ሳሕን ሰብሮ ለሚያለቅስ ልጅ ምትክ የሚገዛ ወቅፍም ነበረ። የዚያ ዘመን ሰዎች የሕፃን ልጅ ፍርሃት እንኳ ገንዘብ የሚመደብለት ጉዳይ ነው ብለው አስበው ነበር።

በካይሮ ሱልጣን በይበርስ በ1260ዎቹ ከመድረሳቸው አጠገብ የየቲሞች ትምህርት ቤት አቋቁመው ልጆቹ በየቀኑ ዳቦ፣ በክረምትና በበጋ ልብስ እንዲያገኙ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ይህ ልማድ ሆነ። መስጂድ፣ መድረሳ ወይም ሆስፒታል የሚያሠራ ሰው ብዙ ጊዜ አብሮ የየቲሞች ክፍል ያሠራል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን «ሰቢል ኩታብ» የሚባለው ራሱን የቻለ ሕንጻ መጣ። ሱልጣን ቃይትባይ በ1479 ያሠሩት ለዚህ ምሳሌ ነው። ምድር ቤቱ ለመንገደኛ ሁሉ ውሃ በነጻ የሚታደልበት፣ ፎቁ ነፋሻማ ሆኖ የቲሞች የሚማሩበት ነው። ዐብዱረሕማን ከትኹዳ በ1744 ያሠሩት ዛሬም በሙዒዝ ጎዳና ላይ ቆሞ ይታያል።

የወቅፎቹን ሰነድ ጠቃሚ የሚያደርገው ዝርዝሩ ነው። ስንት ልጅ እንደሚገባ፣ ለአንድ ልጅ በየቀኑ ምን ያህል ዳቦ፣ በወር ምን ያህል ገንዘብ እንደሚደርሰው፣ ልብሱ መቼ እንደሚሰጥ፣ ለቀለምና ለሰሌዳ ምን እንደሚወጣ፣ ቁርኣን ያኸተመ ልጅ ምን ሽልማት እንደሚያገኝ፣ ልጁ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ቦታውን ለሌላ የቲም እንደሚለቅ ይጻፋል። የገቢው ምንጭም ይጻፋል፦ ይህን ያህል ሱቅ፣ ይህን ያህል መሬት። ልጆቹ ቀን እየተማሩ ማታ ወደ እናታቸው ይመለሳሉ። ይዘውት የሚገቡት ዳቦና ገንዘብ ደግሞ ለቤቱም ድጋፍ ነው። እርዳታው ልጁን ከቤቱ አያወጣውም።

የእኛም ሰዎች ከዚህ ሥርዓት ተጠቅመዋል። በአል-አዝሀር ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ ለሚሄዱ ተማሪዎች «ሪዋቀል ጀበርት» የሚባል የራሳቸው ስፍራ ነበር። የግብጹ ታላቅ የታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (1753–1825) የወጡት ይህን ሪዋቅ ለትውልዶች ከመራው ቤተሰብ ነው። አባታቸው ሸይኽ ሐሰን፣ በሒሳብና በሥነ ፈለክ የታወቁት ዓሊም፣ ሕፃን ሳሉ አባታቸውን ያጡ የቲም ነበሩ።

ሲበላሽስ?

ታሪኩን ስናወራ ያማረውን ብቻ መርጠን ብናወራ ራሳችንን እናታልላለን። በካይሮ የሱልጣን ሐሰን መስጂድና መድረሳ ግንባታው በ1356 ተጀመረ፤ ግዝፈቱ ዛሬም ያስደንቃል። የየቲሞች ክፍልም ነበረው። በ1361 ግን በመግቢያው ላይ የነበረው ሚናራ ተደርምሶ 300 ያህል ሰው ገደለ። መቅሪዚ እንደዘገቡት ከሟቾቹ ውስጥ እዚያ ይማሩ የነበሩት የቲሞች ይገኙበታል። ለልጆች የታሰበ በጎ ሥራ ላይ ከልጆቹ ደኅንነት ይልቅ የሕንጻው ከፍታ ሲቀድም ምን እንደሚመጣ ከዚህ የበለጠ መራር ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ሌላው ብልሽት በዝግታ የሚመጣ ነው። ካይሮ ውስጥ ቃዲዎች የሚቆጣጠሩት የየቲሞች ገንዘብ ማስቀመጫ ነበር። አባት ሲሞት የልጆቹ ድርሻ እዚያ ገብቶ እስኪያድጉ ይጠበቃል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገዥዎች ለጦርነት ወጪ እያሉ ከዚህ ገንዘብ ይበደሩ ጀመር። መቅሪዚ በዘመናቸው ማስቀመጫው ባዶ መቅረቱን ይነግሩናል። በየወቅፉም ገቢውን ለራሱ የሚያደርግ፣ ሱቁን ሳያድስ የሚያፈርስ፣ ለዘመዱ በርካሽ የሚያከራይ ኃላፊ አልጠፋም። ሰጪው በኢኽላስ ሰጥቷል፤ አጅሩም አላህ ዘንድ ነው። ልጁ ግን ተራበ። የሰጪው ኒያ ማማር ብቻውን የልጁን ሆድ አይሞላም፤ ሒሳብ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

ከመበላሸት ተርፎ ለዘመናት የቆየም አለ። የሱልጣን ሱለይማን ባለቤት ኹረም ሱልጣን በ1552 በቁድስ ያቋቋሙት ወጥ ቤት ሾርባና ዳቦ ለድሆች ያድል ነበር፤ እስከ ዘመናችንም ምግብ ማደሉን ቀጥሏል። በኢስታንቡል በ1863 የተቋቋመ የሙስሊሞች የትምህርት ማኅበር በ1873 ዳሩሸፈቃ የሚባል ትምህርት ቤት ለየቲሞች ከፈተ። ትምህርት ቤቱ ሳይንስና ቋንቋን ያካተተ ጥራት ያለው ትምህርት ለድሃ የቲም ይሰጥ ነበር። ታዋቂው የሒሳብ ሊቅ ሷሊሕ ዘኪ ከዚያ የወጡ የቲም ናቸው። መንግሥት ተለዋውጦ፣ ፊደል ሳይቀር ተቀይሮ ዳሩሸፈቃ ዛሬም ያስተምራል። የዚህ ጥንካሬ ምስጢሩ በአንድ ሀብታም ላይ ሳይሆን በማኅበርና በብዙ ሰው ስጦታ ላይ መቆሙ ነው።

በአገራችን

በአገራችን የቁርኣንና የኪታብ ትምህርት ለዘመናት የኖረው በሰው ልግስና ነው። በወሎ እንደ ጀማ ንጉሥ፣ ዳናና ጌታ ባሉ የዒልም ማዕከላት ከሩቅ የመጣ ደረሳ ሲማር የሚያበላው ሸይኹና የአካባቢው ሕዝብ ነበር። ገበሬው ከእህሉ፣ እናቶች ከሞሰባቸው ያካፍላሉ። የደሃ ልጅ ዓሊም የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ወቅፍም አልጠፋም ነበር፤ በሕግም ታውቋል። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የናኢባና የቃዲ ምክር ቤቶች አዋጅ ወቅፍን ከሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ሥር ቆጥሮታል። በኋላ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን በኪራይ ቤት ላይ የቆመ ወቅፍ መሠረቱ ተናጋ። ሆኖም በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 ተከራካሪዎቹ እስከተስማሙ ድረስ ወቅፍን፣ ውርስን፣ የሕፃናት ሞግዚትነትንና ቀለብን የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች እንዲያዩ ይፈቅዳል። ማለትም የሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ ልጆች ዓይነት ጉዳይ ያጋጠማት እናት ዛሬ የምትሄድበት በር አላት። ስንቶቻችን ለጎረቤታችን ይህን ነግረናታል? አብረናት ሄደናልስ?

መሬት የለንም፣ ሱልጣን አይደለንም የምንልም እንኖራለን። የዑስማኒያ ዘመን ተራ ነጋዴዎች ገንዘብን ራሱን ወቅፍ ያደርጉ ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ዓሊሞች በዚህ ላይ ተከራክረውበት ሸይኹል ኢስላም አቡ ሱዑድ ፈቅደውታል። የእኛ ዑለማዎች ለዘመናችን የሚስማማውንና ከሪባ የጸዳውን መንገድ ሊያሳዩን ይችላሉ። አንድ ጀማዓ ተሰባስቦ የአንድ ሱቅ ገቢ፣ የአንድ ወፍጮ ቤት ትርፍ ለሰፈሩ የቲሞች ቢያቆም ከብዙ የዒድ ቀን ፌስታል ይበልጣል። ይህን የምለው ፌስታሉን ለማሳነስ አይደለም። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ለጃዕፈር ቤት በመጀመሪያ ቀን ያስላኩት ምግብ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ተመልሰው መጥተዋል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለጀማዓችን የሚሆኑ አምስት ጥያቄዎችን እናውጣ። አንደኛ፣ የልጆቹ የራሳቸው ሐቅ ተጠብቆላቸዋል ወይ? ሁለተኛ፣ እርዳታችን እናትንና ልጅን አንድ ላይ ያቆያል ወይስ ይለያያል? ሦስተኛ፣ ልጁ እስኪያድግ የሚዘልቅ ምንጭ አለው ወይ? አራተኛ፣ ገቢና ወጪው በጽሑፍ ተይዞ የሚጠይቅ ሰው አለ ወይ? አምስተኛ፣ የልጁ ክብር ተጠብቋል ወይ? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተንጨባረረውን ፀጉር አስላጭተው ልጁን ከክቡር ሰዎች ጋር እያመሳሰሉ አሞገሱት። እኛ ደግሞ አንዳንዴ ዘይት ተሸክሞ የቆመ የቲም ፎቶ እናነሣና ፊቱን ሳንሸፍን እንለጥፋለን። ያ ልጅ ነገ ትምህርት ቤት ሲሄድ ጓደኞቹ ያዩታል። ሐበሻ ውስጥ የተወለዱት የጃዕፈር ልጆች በዚህ ዓይነት ቢታዩ ኖሮ ምን ይሰማቸው እንደነበር እናስበው።

በየሰፈራችሁ ያሉትን የየቲም ቤቶች ቁጠሩ። ስማቸውን ለአደባባይ ሳይሆን ለመስጂዱ ኮሚቴ መዝገብ ያዙ። ዘንድሮ አንድ ቤት ለአሥር ዓመት መያዝ የሚችል ጀማዓ ካለ ከዚያ ይጀምር።

አላህ የቲሞችን የሚያከብሩ፣ ሐቃቸውን የሚጠብቁ፣ በአማና የሚሠሩ ያድርገን። ለሞቱት አባቶች ይዘንላቸው፤ ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶችን ያግዛቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ጽሑፉ ይጠቅማል ብላችሁ ካሰባችሁ ለመስጂዳችሁ ኮሚቴና ለወዳጆቻችሁ አጋሩ።